መሣሪያው የማን ነው?

ማንኛውም ኅብረተሰብ የሚሠራባቸው መሣሪያዎች በማን እጅ እንዳሉ ሳይጠይቅ ስለ ዕድገቱ ሊናገር አይችልም። በብዙው የአገራችን ክፍል መሬቱ የባላባቱ፣ ጉልበቱ የጭሰኛው የነበረበትን ዘመን ታላላቆቻችን በኑሯቸው አይተውታል፤ መዘውሩ የባለ ፋብሪካው፣ ላቡ የወዛደሩ የሚሆንበትን ግንኙነትም ሠራተኛው ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል። በዘመናችን ደግሞ ከማረሻውና ከመዘውሩ በተጨማሪ አንድ አዲስ የሥራ መሣሪያ በየቢሮው፣ በየሱቁ፣ በየጤና ጣቢያውና በየኪሳችን ገብቷል። ይኸውም የኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው። መሣሪያው በእጅ የማይዳሰስ በመሆኑ የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጥያቄውን በቀበሌና በዕድር አባላት፣ በሠራተኞችና በወጣቶች ፊት ማቅረብ፣ ቀጥሎም በአንድ አካባቢ የሚኖሩ ወይም በኢንተርኔት የተገናኙ ሰዎች የጋራ ፕሮግራም ለመሥራት ሲነሡ ሥራቸውን በምን ሁኔታ ቢጀምሩ ከግብ እንደሚደርስ መመርመር ነው።

በመጀመሪያ የነገሩን ጠባይ እንይ። አንድ ፕሮግራም ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ባለሙያው የሚጽፈው፣ ሌላው ባለሙያ አንብቦ ሊረዳውና ሊያርመው የሚችለው ጽሑፍ ሲሆን የምንጭ ኮድ ይባላል። ሁለተኛው ከዚህ ጽሑፍ ተለውጦ ኮምፒዩተሩ ብቻ የሚፈጽመው ቅርጽ ነው። በገበያ የሚሸጡት ብዙዎቹ ፕሮግራሞች የሚቀርቡልን በሁለተኛው መልክ ሲሆን ምንጩ በኩባንያው እጅ ተቆልፎ ይቀራል። ይህም ማረሻ ሸጦ፣ «ሲደንዝ እኔ ዘንድ ካልሆነ በቀር ሌላ ባለ እጅ ጋ ወስደህ እንዳታስቀጠቅጥ» እንደሚል ነጋዴ ነው። ገበሬ እንዲህ ያለውን ውል የሚቀበል አይመስለኝም። የተማረው ክፍል ግን በየዕለቱ «እስማማለሁ» የሚለውን ሳያነብ እየተጫነ ይቀበለዋል። ክፍት ምንጭ የሚባለው አሠራር የዚህ ተቃራኒ ነው፤ የምንጭ ኮዱ ለማንም ይገለጣል፤ ማንም ይጠቀምበታል፣ ይማርበታል፣ ያሻሽለዋል፣ ለሌላው ያስተላልፈዋል።

እንቅስቃሴው የተነሣው ከተራ የሥራ ቦታ ቅራኔ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ገደማ በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የሚሠራ ሪቻርድ ስቶልማን የሚባል ባለሙያ ነበረ። በቤተ ሙከራው የነበረው የቀድሞ የማተሚያ መሣሪያ ወረቀት ሲነክስ ሠራተኞቹ ፕሮግራሙን ራሳቸው አሻሽለው መልእክት እንዲልክላቸው አድርገውት ነበር። አዲሱ መሣሪያ ሲመጣ ግን የምንጭ ኮዱ ተከለከሉ። የተበላሸውን ሊያዩት ይችላሉ፤ ሊያርሙት አይችሉም። ስቶልማን እ.ኤ.አ. በመስከረም 1983 ግኑ የተባለውን የነፃ ሶፍትዌር ሥራ ይፋ አደረገ፤ በ1985 ለዚሁ ዓላማ ድርጅት መሠረተ፤ በ1989 ደግሞ ጠቅላላ የሕዝብ ፈቃድ የሚባለውን ሕጋዊ ሰነድ አወጣ። የሰነዱ ብልሃት ልብ ሊባል ይገባል። ፕሮግራሙን የተቀበለ ሁሉ እንደ ወደደ እንዲጠቀምበት ፈቅዶ፣ አሻሽሎ ለሌላው የሚያስተላልፍ ግን የተቀበለውን መብት ሳይሸራርፍ እንዲያስተላልፍ ያስገድዳል። በዚህ ሁኔታ የግል ባለቤትነትን ለማስጠበቅ የወጣው የደራሲነት ሕግ ተመልሶ ለጋራ ባለቤትነት ዘብ እንዲቆም ተደረገ።

ሁለተኛው ምዕራፍ የተከፈተው በሄልሲንኪ ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 25 ቀን 1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት ተማሪ በኢንተርኔት ለሚነጋገር አንድ የባለሙያዎች ቡድን፣ የጀመረው ትንሽ ሥርዓት እንዳለና አስተያየት እንደሚፈልግ ጻፈ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው፤ ወጣቱ የመጣው ዕቅድ ይዞ ሳይሆን እየሠራ ያለ ነገር ይዞ ነው። ጎዶሎ ነበር፣ ግን ይንቀሳቀስ ነበር። በዓመቱ በጠቅላላ የሕዝብ ፈቃድ ሥር አዋለው። ዛሬ በእጃችን የሚገኘው የአንድሮይድ ስልክ ሁሉ በውስጡ ሊነክስን ይዟል። ነገሩን ሳናስጌጥ መናገር ካለብን፣ ታላላቅ ኩባንያዎችም ደመወዝተኛ እየመደቡ በዚህ የጋራ ሥራ ላይ ይሳተፋሉ፤ ከጋራው ሀብትም ከፍተኛ ትርፍ ያገኛሉ። ክፍት ምንጭ ብዝበዛን ከሥሩ የነቀለ ሥርዓት ነው ብሎ የሚሰብክ ሰው ካለ ራሱን ያታልላል። የሚያስገኘው ውጤት ከዚህ ጠበብ ያለ፣ ሆኖም የተጨበጠ ነው፤ የመሣሪያው ቁልፍ በአንድ እጅ ብቻ እንዳይቀር ያደርጋል።

ወደ ራሳችን ስንመለስ፣ የዚህ ዓይነቱ ሥራ ዋነኛ ፍሬ በየቀኑ ከዓይናችን ፊት አለ። እርሱም ፊደላችን ነው። ኮምፒዩተር ወደ አገራችን በገባባቸው ዓመታት እያንዳንዱ ባለሙያና ኩባንያ ለግዕዝ ፊደል የየራሱን የቁጥር አሰጣጥ አወጣ። በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ይሆን ነበር። ቃለ ጉባኤ በአንድ መሥሪያ ቤት ተጽፎ በሌላው አይነበብም። ጸሐፊው ፕሮግራሙን ሲለውጥ የገዛ ማኅደሩ ይዘጋበታል። ፊደል የሕዝብ ሆኖ ሳለ የፊደሉ ቁጥር የግል ንብረት ሆነ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ በልዩ ልዩ አገሮች ተበትነው በኢንተርኔት የሚገናኙ ሰዎች የጋራ መፍትሔ መፈለግ ጀመሩ። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ሴራ የተባለውን፣ ግዕዝን በላቲን ፊደል በማያሻማ ደንብ የመጻፍ ዘዴ አዘጋጁ። ቃሉ በአማርኛችን ሌላ ትርጉም ስላለው ሲሰማ ያስደነግጥ ይሆናል፤ ሴራው ግን በግልጽ ወጥቶ ማንም እንዲጠቀምበት የተሰጠ ነበር።

ሥራው በዚያ አላበቃም። የዓለምን ጽሕፈቶች ሁሉ በአንድ የቁጥር ሥርዓት የሚያዋህደው ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3ኛ እትሙ 345 የግዕዝ ሆሄያትና ምልክቶችን አካተተ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ «ሀ» በዓለም ላይ በሚገኝ ኮምፒዩተር ሁሉ ቁጥሩ 4608 ነው፤ «ለ» ደግሞ 4616 ነው። ይህን ቁጥር ለመጠቀም ማንም ለማንም አይከፍልም። በዚህ የጋራ መሠረት ላይ እንደ አቢሲኒካ ያሉ በነፃ የሚታደሉ የፊደል ቅርጾች፣ ዳንኤል ያዕቆብ በመሠረተው የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ስም የወጡ የመተየቢያ ሰሌዳዎችና ሌሎችም ሊሠሩ ቻሉ። የዛሬ ወጣት በስልኩ አማርኛ ሲጽፍ እነዚህን ሰዎች አያስታውስም። ሊያስታውስም አይገደድም፤ የተሳካ የጋራ ሥራ ዕጣው እንደ መንገድ መረገጥ ነው።

የጎጃም አንባቢ በዚህ ታሪክ ውስጥ የራሱን ድርሻ ያገኛል። በደብረ ማርቆስ አካባቢ በእንዶዳም የተወለዱት፣ በደብረ ኤልያስና በዲማ የቅኔ ቤቶች ያለፉት ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ሲያሳትሙ አንድ አዲስ ነገር አድርገው ነበር። አማርኛ የሚጠብቀውንና የሚላላውን በጽሕፈት ስለማይለይ፣ በሚጠብቀው ፊደል ራስ ላይ ነጥብ አኖሩ። ልብ ወለዱን ያላነበበ ወይም ሲነበብ ያልሰማ ጥቂት ነው፤ ነጥቧን የተከተለ ግን ከዚያም ያነሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው የዩኒኮድ 4.1 እትም ውስጥ የግዕዝ ፊደል የማጥበቂያ ምልክት የራሱ ቁጥር ተሰጠው። ከዚሁ ጋር ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ቁርጥና የመሳሰሉት 10 የዜማ ምልክቶች ገቡ፤ በ2010 ደግሞ በመተከል ከሚገኙት ጎረቤቶቻችን ከጉሙዞች ቋንቋ ጀምሮ እስከ ጋሞ፣ ጎፋ፣ ዳውሮና ባስኬቶ ድረስ የሚያስፈልጉ ፊደላት ታከሉ። ቁጥር መስጠት ግን ልማድ መፍጠር አይደለም። የማጥበቂያው ምልክት ዛሬም በሩ ተከፍቶለት የሚገባበት ሰው ይጠብቃል። አንድ አዋቂ ብቻውን ያመጣው ትክክለኛ ሐሳብ የብዙኃን አሠራር እስኪሆን ድረስ የሐሳቡ ትክክለኛነት ብቻውን እንደማይበቃ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

ይህን የጋራ ሥራ ለሰው ለማስረዳት ብዙዎች «ደቦ ነው» ይላሉ። ምሳሌው ለጆሮ ይጥማል፤ ሲመረመር ግን ይጎድለዋል። በደቦ ጠሪው ጠላውንና እህሉን ያዘጋጃል፣ ጎረቤቱ ጉልበቱን ያዋጣል፤ አዝመራው ግን የባለ ማሳው ነው። ወንፈልም ቢሆን ቀን በቀን የሚመላለስ ብድር ነው፤ ዛሬ ለእኔ፣ ነገ ለአንተ። ክፍት ምንጭ ማሳው ራሱ የሁሉም የሆነበት ሥራ ነው። ምናልባት የሚቀርበው የቀድሞው የጎጃም ርስት ነበር፤ ከአንድ አቅኚ አባት የሚወለድ ሁሉ የትም ቢኖር ድርሻዬን ብሎ የመጠየቅ መብት ነበረው። ርስት ግን በተካፋዩ ቁጥር ልክ እያነሰ ይሄዳል፤ ሙግቱም እንደዚያው ይበዛል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ሥርዓቱን እስኪያከትመው ድረስ ስንቱ ዕድሜውን በርስት ክርክር እንደ ፈጀ በየቤቱ ይወሳል። ፕሮግራም በአንጻሩ 1 ሰው ቢወስደው 1,000 ሰው ቢወስደው ከባለቤቱ እጅ አይጎድልም። በዚህ የምርት ዓይነት አጥር ማጠር የሚያስፈልገው ሀብቱ እንዳያልቅ ሳይሆን ትርፉ እንዳይቀር ብቻ ነው።

በአሠራሩ በኩል ደግሞ ለዋሸራ፣ ለጎንጅና ለዲማ ሰው የሚያደናግር ነገር የለበትም። በቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔውን በየሜዳው ዞር ብሎ ይቆጥራል፤ አምጥቶም ለአስነጋሪው ወይም ለየኔታ ያሰማል፤ ቤቱ የጎደለው፣ ምሥጢሩ የላላው በጓደኞቹ ፊት ይታረማል። በክፍት ምንጭ ሥራም አዲስ መጪው ማሻሻያውን በሁሉ ፊት ያቀርባል፤ ነባሮቹ ያነቡታል፤ ጉድለቱን ይነግሩታል፤ አርሞ ሲመጣ ከዋናው ጋር ያዋህዱታል። መታረም ውርደት የሆነበት ቦታ ሁለቱም ሥራዎች አይበቅሉም። በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ዛሬ በየመድረኩ ሂስና ግለ ሂስ የሚለው ቃል እንደ አሮጌ ልብስ ተጥሏል፤ በፕሮግራም ጸሐፊዎች ዘንድ ግን ያለዚያ አንድ መስመር እንኳ አይገባም።

እንግዲህ በደብረ ማርቆስ ጥቂት ወጣቶች ተነሥተው የጋራ ሥራ እንጀምር ቢሉ ምን ይሥሩ? በ1997 ዓ.ም. የተቋቋመ ዩኒቨርሲቲ ባለበት ከተማ እውቀቱ አይጠፋም። የሚታየው ስሕተት ከላይ መጀመር ነው፤ ስም ይወጣል፣ ዓርማ ይሣላል፣ ሊቀ መንበር ይመረጣል፣ ፕሮግራሙ ግን የለም። ከዚህ ይልቅ ከአንድ ዕድር መዝገብ ቢነሡ ይሻላል።

የዕድር መዝገብ ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። ወርኃዊ መዋጮ፣ የቤተሰብ ዝርዝር፣ የቀብር ቀሪ ቅጣት፣ የድንኳኑ፣ የወንበሩና የድስቱ ወጪና ገቢ፣ ሐዘን ሲደርስ እንደ ዝምድናው ቅርበት የሚለያየው ክፍያ በውስጡ አለ። ከውጭ የተገዛ የሒሳብ ፕሮግራም ይህን ለማስተናገድ ሲሞከር በመጀመሪያው ቀን ይሰናከላል። የዓመቱ 13ኛ ወር 5 ቀን፣ በየ4 ዓመቱ 6 ቀን መሆኑን አያውቅም። ቀኑ ከጠዋት እንደሚቆጠር ስለማያውቅ የ3 ሰዓቱን ቀብር በሌሊት ያደርገዋል። የአባላቱን የቤተሰብ መጠሪያ ስም ካልሰጣችሁኝ ብሎ ያስቸግራል፤ እኛ ደግሞ ያለን የራስና የአባት ስም ነው። ጸሐፊው አንዱን አባል «ፀሐይ» ብሎ መዝግቦት ሌላው «ጸሀይ» ብሎ ቢፈልገው «የለም» ይላል፤ በዚህም ምክንያት መዋጮውን የከፈለች እናት ያልከፈለች ትሆናለች። ሐዘን በደረሰባት ቀን ይህ ተራ የፊደል ጉዳይ አይሆንም። እነዚህ እያንዳንዳቸው ትንንሽ፣ ተለይተው የሚታወቁ፣ ለየብቻ ሊሠሩ የሚችሉ ሥራዎች ናቸው። አንዱ የቀን መቁጠሪያውን፣ ሌላው ሞክሼ ፊደላትን አንድ አድርጎ የሚፈልገውን ክፍል ሊወስድ ይችላል። የሚጠቅሙትም ለአንድ ዕድር ብቻ አይደለም፤ ለዕቁብ፣ ለገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር፣ ለትምህርት ቤት ሁሉ ያገለግላሉ።

በዚህ ሥራ ውስጥ ዋናው ባለሙያ ፕሮግራም የሚጽፈው ወጣት ብቻ ነው ማለት ትልቅ ስሕተት ነው። መዝገቡን 20 ዓመት የያዙት ጸሐፊ የሚያውቁትን ደንብ ማንም የኮምፒዩተር ተማሪ አያውቀውም። ጋሽ እገሌ ወይም እትዬ እገሊት ከወጣቶቹ ጋር ተቀምጠው «እንዲህ ቢሆንስ?» እያሉ ካልጠየቁ ፕሮግራሙ የወጣቶቹ መጫወቻ ሆኖ ይቀራል። መምሪያውን በጥሩ አማርኛ የሚጽፍ መምህርም፣ ሞክሮ የተበላሸበትን በትክክል የሚናገር ባለ ሱቅም አዋጪዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2021 ማሳካኔ በተባለው የአፍሪካ ተመራማሪዎች ኅብረት ሥር አማርኛን ጨምሮ በ10 የአፍሪካ ቋንቋዎች የተዘጋጀው የስያሜዎች መለያ ጽሑፍ የተገኘው ቋንቋውን የሚናገሩ ሰዎች ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር እያነበቡ ምልክት ስላደረጉበት ነው። ያለ እነርሱ ድካም የተመራማሪዎቹ ማሽን ምንም የሚማረው አልነበረውም።

በመጀመሪያው ቀን መወሰን ያለባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የፈቃዱ ሰነድ ነው። «በኋላ እንወስናለን» የሚል ቡድን ሥራው ዋጋ ማውጣት በጀመረ ዕለት ይጣላል፤ ያን ጊዜ የእያንዳንዱን አዋጪ ስምምነት መሰብሰብ ከባድ ይሆናል። ሁለተኛው ክፍት የሚሆነውና የማይሆነው ነው። ክፍት የሚሆነው ፕሮግራሙ ነው፤ የአባላቱ ስም፣ ስልክና ዕዳ በምንም ምክንያት ክፍት አይሆንም። ለሙከራ የሚያስፈልገው መዝገብ ከልብ ወለድ ስሞች ይዘጋጅ።

ማን ይወስናል የሚለው ጥያቄ ደግሞ ሳይውል ሳያድር ይመጣል። በብዙ ክፍት ምንጭ ሥራዎች የመጨረሻው ውሳኔ የጥቂት ጠባቂዎች ነው። ሆኖም ጠባቂው ሥልጣኑን ያላግባብ ቢጠቀም አባላቱ ሙሉውን ሥራ ገልብጠው ለብቻቸው ሊቀጥሉ ይችላሉ። ኦራክል የተባለው ኩባንያ ኦፕን ኦፊስን በገዛ ጊዜ ይህ ደርሷል፤ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2010 ብዙዎቹ ሠራተኞች ወጥተው ሊብሬ ኦፊስን መሠረቱ። መለያየት ግን መድኃኒት እንጂ ምግብ አይደለም፤ 10 ሰው ያለው ቡድን በየክርክሩ ከተከፈለ በዓመቱ 10 የሞቱ ፕሮግራሞች ይኖሩናል።

ከክርክር ይልቅ የሚያሠጋው ድካም ነው። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በዓለም ዙሪያ የተሰማው የኤክስዜድ ጉዳይ ለዚህ ማስረጃ ነው። ኤክስዜድ ፋይል የሚያጠብብ ትንሽ ፕሮግራም ሲሆን ብዙ የሊነክስ ሥርዓቶች ይጠቀሙበታል፤ የሚጠብቀው ግን በነፃ የሚሠራ አንድ የደከመ ሰው ነበር። ጂያ ታን በሚል ስም የቀረበ ሰው ከ2 ዓመት በላይ በትጋት እየረዳ እምነት አገኘ፤ ከዚያም የሌባ በር የሚከፍት ኮድ በስውር አስገባ። ነገሩን የደረሰበት አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ሲሆን፣ ያስጠረጠረውም ግንኙነቱ በግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ነበር። ምንጩ ክፍት ባይሆን ኖሮ ፍለጋውን እስከ ሥሩ ማድረስ ባልቻለ ነበር፤ ይሁን እንጂ ክፍት መሆኑ ብቻ ጠባቂ አልሆነም። የዕድር ዳኝነት በየጊዜው እንደሚቀያየር የፕሮግራም ጠባቂነትም መቀያየር አለበት፤ ቢያንስ 3 ሰው ሥራውን ከነምሥጢሩ ሊያውቀው ይገባል።

የመጨረሻው የአካባቢያችን ተጨባጭ ሁኔታ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበረ አንባቢ ያስታውሳል። ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት ላይ የተንጠለጠለ የጋራ ሥራ በእንዲህ ያለ ጊዜ ይቆማል። መፍትሔው ግን በእጅ አለ። ያው ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የሠራው ጊት የተባለው መሣሪያ የሥራውን ሙሉ ታሪክ፣ ማን ምን እንደ ጨመረና መቼ እንደ ለወጠ ጭምር፣ በእያንዳንዱ አባል ኮምፒዩተር ላይ ያስቀምጣል። መረቡ ቢቋረጥ ሥራው ይቀጥላል፤ ማሻሻያው በፍላሽ ከደብረ ማርቆስ ወደ ቢቸና ወይም ወደ ደጀን በአውቶቡስ ሊላክ ይችላል፤ መረቡ ሲመለስ ሁሉም ይዋሐዳል። ስለዚህ ወጣቶቹ በመጀመሪያው ሳምንት 3 ቅጂ ያዘጋጁ፤ አንዱ በዕድሩ ጸሐፊ ቤት፣ አንዱ በዩኒቨርሲቲው፣ አንዱ ደግሞ በውጭ አገር በሚኖር አንድ የአካባቢው ተወላጅ ዘንድ ይቀመጥ። የጸሐፊው ቤት ኮምፒዩተር ከሌለው ፍላሹ ከማኅተሙ ጋር በዕድሩ ሣጥን ይቆለፍበት።